ስርዝ ድልዝ

ሰሞኑን ጉዳይ ነበረኝና አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ቅጽ ሙላ ተባልኩ። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ ቀበሌዬን፣ የቤት ቁጥሬን አንድም ሳልስት ሞልቼ በመስኮቱ አቀበልኩ። ልጅቷ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አየችው። ቀጥላ እኔን አየችኝ።

"ጋሼ፣ በእርሳስ ነው እንዴ የሞሉት?"

"አዎ።"

"በእርሳስማ አይሆንም! ነገ አንዱ ቢያጠፋውስ?"

በክር የታሰረ እስክሪብቶ ገፋ አደረገችልኝ። የታሰረው እስክሪብቶ፣ እንደ ወገኖቹ ሁሉ፣ ቀለሙን ከጨረሰ ሰንብቷል። ከጎኔ ከቆመ ሰው ተዋስኩና ሁለተኛ ቅጽ ያዝኩ። በዚህ በሙቀቱ እጄ አላበውና የቤት ቁጥሬ ላይ ሦስቱን ስምንት አደረገው። ሰርዤ አጠገቡ ጻፍኩ። አሁንም መለሰችልኝ፤ "ስርዝ ድልዝ ያለበት አንቀበልም ጋሼ።" ሦስተኛ ቅጽ!

ልጅቷን አልወቅሳትም። ጨዋ ልጅ ናት፤ ጋሼ እያለች ነው ያመላለሰችኝ። የገረመኝ ደንቡ ነው። በአንድ በኩል "በማይጠፋ ነገር ጻፍ" ይላል። በሌላ በኩል "እንዳትሳሳት" ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚችል የአዳም ዘር ካያችሁ ጠቁሙኝ።

ለዚህ ሁሉ መዘዝ ሰበቡ ኪሴ ውስጥ ያለው እርሳስ ነው። የእንጨቱ አይደለም። አናቱን ጠቅ ሲያደርጉት ጫፉ ብቅ የሚለው፣ መቅረጫ የማይጠይቀው ነው። የምድር ባቡር ሽማግሌዎች ከፈረንሳይኛው ወስደው ፖርት-ሚን ይሉታል። እንግሊዝኛ የቀናው ሜካኒካል ፔንስል ይለዋል። ሱቅ ገብታችሁ "ያንን ጠቅ የሚለውን እርሳስ ስጠኝ" ብትሉም ይገባዋል። እኔም ለዛሬ ጠቅታ እርሳስ ብዬ ልጥራው። ሃምሳን ያለፈ ሰው ስለ እርሳስ ፍቅር ሲያወራ አያምርበትም ትሉ ይሆናል። ለጫማ፣ ለሞባይል፣ ለመኪና እንኳ ሲወራ የማይነወር ከሆነ ለእርሳስ ምን አለበት?

ከስሙ እንጀምር፤ የድሮ ሥራዬ ነውና ይፈቀድልኝ። ዓረብኛው "ቀለም" ሲል መጻፊያውን፣ ብዕሩን ማለቱ ነው። ጎረቤታችን ሶማልኛም "ቀሊን" ብሎ ብዕሩን ይጠራል። እኛ ዘንድ ግን ቀለም የሚፈሰው ነገር ሆነ። ጣልያንኛው "ላፒስ" ሲል እርሳስ ማለቱ ነው። እኛ ዘንድ ላጲስ ማጥፊያው ሆነ። እርሳስ ብለን የምንጠራው ደግሞ ቅንጣት እርሳስ የለበትም፤ ግራፋይት የሚባል የከሰል ዘመድ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ቦሮዴል በተባለ ስፍራ ሲገኝ ሰዉ የእርሳስ ዘር መሰለው፤ ስህተቱ በብዙ ቋንቋ ተዛመተ፤ እኛም ጋ አለ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ላጲሱ ነው። የመጻፊያው ስም ተነሥቶ ለማጥፊያው ተሰጠ! ለማጥፋት ይህን ያህል ማዕረግ የሰጠ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ መሥሪያ ቤት ሲደርስ ላጲስ ያስደነግጠዋል።

እሺ፣ ወደ ምርጫው። ድሬዳዋ ታይዋን የማይገኝ ነገር የለም ይባላል። ጠቅታ እርሳስም እንደ ጉድ ነው። ባለ አበባው አለ፣ ባለ አሻንጉሊቱ አለ፣ የታዋቂ ድርጅት ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ የታተመበትም አለ። ሻጩን "ኦርጅናል ነው?" ካላችሁት "ወላሂ ጋሼ፣ ኦርጅናል ነው አቦ!" ይላችኋል። አትጨቃጨቁት። ወረቀት ጠይቁና ሞክሩት።

እኔ የምሞክረው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ አናቱን ጠቅ አድርጌ ጫፉን በጣቴ እገፋዋለሁ። ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጥርስ ያላት ትንሽ መንጋጋ አለች። ጠቅ ሲባል ትከፈትና ዘንጉን ትለቃለች፤ ሲለቀቅ በሞላ ተስባ ትነክሰዋለች። ደህናው እርሳስ መንጋጋው ከናስ ነው፤ ነክሶ ይይዛል። ርካሹ ከፕላስቲክ ነው፤ ስትጽፉበት ዘንጉ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ልክ እንደ አንዳንድ ወዳጅ፣ ጫን ስትሉት ይገባል።

ሁለተኛ፣ ውፍረቱን እመርጣለሁ። 0.5 ሚሊሜትር አለ፣ 0.7 አለ፣ 0.9ም አለ። ለእንግሊዝኛ ሁሉም ይሆናል። የእኛ ፊደል ግን በትንሽ ቅጥያ ነው የሚለያየው። ኙ እና ኚ፣ ሙ እና ሚ የቅጥያቸው ቦታ ብቻ ነው ልዩነቱ። በወፍራም ጫፍ በሚጠብ መስመር ላይ ስትጽፉት "ሙሉ" ይሁን "ሚሊ" ራሳችሁ ማንበብ ያቅታችኋል። ስለዚህ ለአማርኛ 0.5 እላለሁ። እጁ ከባድ የሆነ ሰው ግን 0.7 ይያዝ፤ አለበለዚያ በየቃሉ ቀጭ እያለ ሲሰበር ይውላል። የጥንካሬውም ነገር አለ። ኤች የተጻፈበት ጠንካራና ፈዛዛ ነው፤ ቢ የተጻፈበት ለስላሳና ጥቁር ነው፤ ኤችቢ መሐሉ ነው። ሻካራው ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ ኤች ወረቀት ይቧጥጣል። እኔ ቢ ነኝ።

ሦስተኛ፣ የድሬ ፈተና አለ፤ ሙቀት። መያዣው ላይ ለስላሳ ጎማ ያለበት እርሳስ ሱቅ ውስጥ እጅ ያባብላል። ላብ እየጠጣ ሁለት በጋ ሲያሳልፍ ግን አንዳንዱ እንደ ሙጫ መጣበቅ ይጀምራል። ብረቱ ደግሞ መስኮት አጠገብ ረስታችሁት ስትመለሱ እንደ ምጣድ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ጎማ የሌለው ደረቅ ፕላስቲክ ይሻላል። እስክሪብቶ በሙቀት ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ያደረገኝን ልብስ አጣቢዋ ታውቃለች፤ እርሳስ ግን አንድም ቀን አላዋረደኝም።

በዚህ ሚዛን ከታወቁት ሦስቱን ልንገራችሁ። የጀርመኑ ሮትሪንግ 600 ከናስ የተሠራ ባለ ስድስት ማዕዘን ነው፤ መያዣው እንደ ሞረድ ነው። ሲይዙት ሹመት የተሰጠዎት ይመስላል። ግን ይከብዳል፤ ሲወድቅ በአፍንጫው ነው የሚወድቀው፤ አፍንጫው ከጎበጠ ደግሞ ሹመቱ አበቃ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የጃፓኑ ኩሩ ቶጋ ነው። እጃችሁን ከወረቀት ባነሳችሁ ቁጥር ዘንጉን 9 ዲግሪ ያዞረዋል፤ በ40 ንሺ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። ስለዚህ ጫፉ በአንድ ጎን አይደንዝም። እየቀጠለ ለሚጽፍ እንግሊዝኛ ብዙም አይረዳም፤ እጅ አይነሣማ። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ለብቻው ስለሚቆም ለአማርኛ የተሠራ ይመስላል! ጉድለቱ ጫፉ ሲጫኑት ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ጥርሱ እንደላላ ሰው ነው፤ ሥራውን ይሠራል፣ አትመኑት ግን ይላችኋል።

ሦስተኛው የእኔው ነው። ፔንቴል ፒ205። ጥቁር፣ ቀላል፣ ፕላስቲክ፣ ጌጥ የለው፣ ጎማ የለው። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ መልኩ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። አፍንጫው 4 ሚሊሜትር የሚሆን ቀጭን ቱቦ ነው፤ በማስመሪያ ጥግ እንዲሄድ ታስቦ ለንድፍ ሠራተኛ የተበጀ ነው። የእኔን የሰጠኝም ከዚራ የኖረ፣ በምድር ባቡር ጥገና ቤት ዕድሜውን በንድፍ ሥራ የጨረሰ ጎረቤቴ ነበር። "እንካ፣ እኔ ከእንግዲህ የምስለው ብሎን የለም" ብሎ ሰጠኝ። ነቀፋም አላጣበትም። አፍንጫው አይገባም፤ ኪስ ይበሳል፤ ሁለት ሸሚዝ ቀዶብኛል። አናቱ ላይ ያለችው ላጲስም ለጌጥ ካልሆነ ለሳምንት አትበቃም። ነገር ግን ስጽፍ እጄ ላይ መኖሩን እረሳዋለሁ። የመሣሪያ ትልቁ ምስጋና ይሄ ይመስለኛል።

የዚህ እርሳስ ታሪክ ራሱ የስርዝ ድልዝ ታሪክ ነው። መጀመሪያ የፈጠራ መብት የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1822 ለንደን ውስጥ ነው። የዓለም ሕዝብ ኪስ ካስገቡት አንዱ ግን ሐያካዋ ቶኩጂ የሚባል የቶኪዮ ብረት ሠራተኛ ነበር። በ1915 እ.ኤ.አ. የሠራውን የአገሩ ሱቅ "ብረት ነው፣ በክረምት ይቀዘቅዛል፣ ከኪሞኖ ጋር አይሄድም" ብሎ መለሰለት። ውጭ አገር ግን ተወደደ። ኋላ በ1923 የመሬት መንቀጥቀጡ ፋብሪካውን፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ወሰደበት። የእርሳሱን ንግድ በዕዳ አስረክቦ ወደ ኦሳካ ሄደና ሬድዮ መሥራት ጀመረ። የእርሳሱ ስም "ኤቨር ሬዲ ሻርፕ" ነበር። አዎ፣ ያ ከጅቡቲ በኩል እየመጣ የድሬን ሳሎን ሞልቶ የነበረው የሻርፕ ቴፕና ቴሌቪዥን ስሙን ያገኘው ከእርሳስ ነው። ስንቶቻችን በሻርፕ ዘፈን ሰምተን እርሳስ መሆኑን ሳናውቅ ኖርን!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እዚህ አገር በእርሳስ መጻፍ ያልተጨረሰ ሰው ሥራ ተደርጎ ነው የሚታየው። ልጅ ሳለን በእርሳስ እንጽፋለን፤ ከፍ ስንል "እስክሪብቶ ተፈቀደላችሁ" ይባላል፤ ያን ቀን ያደግን ይመስለናል። ከዚያ ወዲያ እርሳስ የምንይዘው ለብሔራዊ ፈተና ክብ ለማጥቆር ነው። (ለእሱስ የእንጨቱ ይሻላል፤ ጠቅታው ቀጭን ነውና ክብ ለመሙላት ጊዜ ይፈጃል።) ልብ በሉ፤ መሳሳት የሚያስፈራው ቦታ፣ የልጁ ዕድል የሚወሰንበት ወረቀት ላይ፣ መንግሥት ራሱ "እርሳስና ላጲስ ይዛችሁ ኑ" ይላል። እዚያ ላይ ሰው እንደሚሳሳት ያምናል። ቅጹ ላይ ሲደርስ ግን ይክዳል።

አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። ብራና ላይ የሚጽፈው ቁም ጸሐፊ ሲሳሳት በቢላ ፍቆ ይጽፍበታል። የተዘለለ ቃል ካለ ከመስመሩ በላይ በደቂቅ ፊደል ይጨምረዋል። በየገዳሙ ያሉትን ብራናዎች ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቅዱስ መጽሐፍ ስርዝ ድልዝ ኖሮበት ቅድስናው አልቀነሰም። የእኔ የቤት ቁጥር ግን አልተቻለም!

በቅጽ ብቻ ቢቀር ግድ አልነበረኝም። ጠባይ ሆነብን። አቋማችንን በእስክሪብቶ እንጽፋለን። ትላንት የተናገርነውን ዛሬ ተሳስቻለሁ ማለት ስርዝ ድልዝ ይመስለናል። የዕድር ሰብሳቢው አይሳሳትም፣ ሹሙ አይሳሳትም፣ ጋዜጠኛው አይሳሳትም፣ አባት ልጁ ፊት አይሳሳትም። አስተማሪውማ ጭራሽ!

ስለ አስተማሪው የምናገረው አውቄ ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ ነበር የማርመው። አንድ ልጅ አጭር ልብ ወለድ ጽፎ አመጣ። እናቱ ሌሊት ተነሥታ ባቡር ጣቢያ ለተጓዥ ሻይ ስትሸጥ የሚያሳይ ነው። ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑን ግን አልጻፍኩለትም። ፊደሉን፣ ነጠላ ሰረዙን፣ ግሱን፣ አንቀጹን በቀይ ሞላሁት። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ቢሮዬ መጣ።

"ቲቸር፣" አለኝ፣ "የኔ ጽሑፍ የትኛው ነው?"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ያን ሴሚስተር ሌላ ጽሑፍ አላመጣም። ከዓመታት በኋላ ሳቢያን አካባቢ በባጃጅ አሳፈረኝ። "አሁንም ትጽፋለህ?" ብለው፣ "እጽፋለሁ እንጂ ቲቸር፣ የቀን ሒሳብ!" አለኝ። ሒሳብ አልቀበልም ብሎ አወረደኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ብር ብቀበል ይሻለኝ ነበር ብሎ ሊሰድበኝ ይችል ነበር፤ እሱ ግን አልሰደበኝም።

ከዚያ ወዲህ በእርሳስ ነው ያረምኩት። ቀጭን፣ በኅዳጉ ላይ፣ በትንሹ። ተማሪው ካላመነበት መምህሩን በላጲስ ማጥፋት እንዲችል። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቁኝ፤ በእርሳስ የሚያርም መምህር የሚፈራ መሰላቸው። ቀስ በቀስ ግን አንዳንዶቹ እርማቴ ሥር በእርሳስ መልስ መጻፍ ጀመሩ። "አልስማማም ቲቸር፤ ሆን ብዬ ነው" የሚል አንድ ኅዳግ አይቼ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋለ። ቀዩ እስክሪብቶ በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ መልስ አልመጣልኝም። ያ የሻይ ልጅ ግን አልተመለሰም። እሱን በላጲስ ማጥፋት አልቻልኩም።

"እርሳስ ይጠፋልኮ" የሚለውስ? እሱንም ልመልስ። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ የወረደ ጊዜ እዚህ የነበረ ሰው ማስታወሻ አያስፈልገውም። ከ200 በላይ ሰው ነው በአንድ ሌሊት የሄደው። ከወንዙ ዳር ትንሽ ሱቅ የነበረው አንድ ወዳጄ ነፍሱን አትርፎ ሱቁን አጣ። ከጭቃው ውስጥ ካወጣቸው ነገሮች አንዱ የዱቤ ደብተሩ ነበር። ሰዉ በቁርጥራጭ ስለሚከፍል እያጠፋ ለማስተካከል እንዲመቸው ዱቤውን ሁልጊዜ በእርሳስ ነበር የሚይዘው። ከፊት ያሉትን ጥቂት ገጾች፣ የአከራዩንና የአከፋፋዩን ሒሳብ፣ በውኃ ቀለም እስክሪብቶ ጽፎ ነበር።

ደብተሩን ገመድ ላይ አሰጥቶ ካደረቀው በኋላ አብረን አየነው። "የማይጠፋው" ሰማያዊ እድፍ ሆኗል፤ አንድ ቁጥር አይነበብም። "የሚጠፋው" እርሳስ ግን ከነጭቃው ቁልጭ ብሎ አለ። ግራፋይት በውኃ አይሟሟም። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ክብሪት፤ ስም በስም፣ ሳንቲም በሳንቲም።

እንግዲህ ሰውየው ባዶውን ነው የቀረው፤ ያ ደብተር ነው ያለው ንብረት። ከዚያ ውስጥ ግን ስማቸው ያለ፣ እነሱ ግን የሌሉ ሰዎች ነበሩ። ምን ሊያደርግ ይሆን ብዬ ዝም አልኩ። ከልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳ ላጲስ አምጡልኝ አለ። ገጹን እየገለጠ፣ ስሙን እያነበበ፣ አንድ በአንድ አጠፋ። በየስሙ "አፉ ብያለሁ" ይላል፣ የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ ይላል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በሕይወት ያሉትን አልነካም። "እነሱ ይከፍሉኛል፤ ሱቅም እከፍትበታለሁ" አለኝ። ከፈተም።

በእስክሪብቶ ቢሆን ኖሮ ውኃው ሁሉንም ያጠፋለት ነበር፤ የሞተውንም ያለውንም። በማይጠፋ ቀለም ቢሆን ደግሞ የሟቾቹን ስም በሰረዝ ነበር የሚያልፈው፤ ዕዳው ከሰረዙ ሥር እንደተነበበ ይኖራል። በእርሳስ ስለሆነ ግን ውኃ ያላጠፋውን ሰው አጠፋው፤ ሊያጠፋ የፈለገውን ብቻ። እኔ ከዚህ የተሻለ የእርሳስ ምስክር አላውቅም።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ በመስኮት አልነገርኳትም። ሰልፍ ነበር። ሦስተኛውን ቅጽ በተዋስኩት እስክሪብቶ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ያለ ስርዝ ድልዝ ሞልቼ ሰጠኋት። ማህተም መታችበት። ደረሰኙን ስትጽፍልኝ ግን ቁጥር ተሳሳተች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ግራ ቀኟን አየች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"ጋሼ፣ ያ እርሳስዎ ላጲስ አለው እንዴ?" አለችኝ።

በእስክሪብቶ የተጻፈ በእርሳስ ላጲስ እንደማይጠፋ ነገርኳት። አዲስ ደረሰኝ ቀደደች። እርሳሱን ግን ጠቅ ጠቅ አድርጋ አየችውና፣ "የት ነው የሚሸጠው?" ብላ ጠየቀችኝ። ታይዋን አልኳት። መጀመሪያ መንጋጋውን ገፍተሽ እዪው፣ ኦርጅናል ነው ሲሉሽ አትመኚ አልኳት።